አባትና ልጅ በጋራ የሚሠሩት ጀልባ፦ ከጣና ታንኳ እስከ ሬዲዮ መሪ

በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ የእሽቅድድም ጀልባ የሚባለው ሰው የማይሳፈርበት፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ፣ ሞተሩን፣ ባትሪውንና የትእዛዝ መቀበያውን በሆዱ ይዞ፣ ዳር ቆሞ ማስተላለፊያውን በጨበጠ ሰው ፈቃድ ውኃ ላይ የሚከንፍ ትንሽ ጀልባ ነው። ተሠርቶ ያለቀለትን የፕላስቲክ ጀልባ ከመደብር ገዝቶ ውኃ ላይ መልቀቅ ይቻላል፤ ሆኖም የዚህ ሙያ ቁም ነገር ያለው በቀፎው ላይ፣ ማለትም ውኃውን በሚነካውና ሌላውን ሁሉ በሚሸከመው አካል ላይ ስለሆነ፣ ቀፎውን በገዛ እጁ ከእንጨት ያልሠራ ሰው ጀልባውን ይነዳዋል እንጂ ያውቀዋል ለማለት ያስቸግራል። አባት ወይም እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ጀልባ የሚሠሩበት ልማድ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚኖር አንባቢ እንግዳ መስሎ ሊታየው ቢችልም፣ ከከተማዋ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጎርጎራና በአጠቃላይ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ጀልባ መሥራት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የቤተሰብ ሙያ ነው፤ ስለዚህ የአዲሱን ጀልባ ነገር ከዚያው ከሐይቁ ጀምሮ መረዳት ተገቢ ይሆናል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል የጥንት ግብፃውያን መጻፊያቸውን ያበጁበት ተክል ሲሆን፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ልቡም በአየር የተሞላ በመሆኑ ከውኃ በእጅጉ ይቀላል። ታንኳ የሚሠራው ከዚህ ተክል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይጠቀለላል፣ ነዶዎቹ በገመድ እየጠበቁ እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ፣ የፊተኛው ጫፍ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ይታሰራል፣ መሐሉም ሰውና ጭነት ከውኃው ከፍ ብለው እንዲቀመጡ በወፍራም የደንገል ድርብ ይሞላል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ምስማር የለም፣ በወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍም የለም፤ ልኩ የሚገኘው በሠሪው እጅና ዓይን ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከአባቱ ጎን ሆኖ ያልሠራ ልጅ ይህን ልክ የሚያገኝበት ሌላ መጽሐፍ አልተጻፈለትም።

ታንኳ የሚንሳፈፍበት ምክንያት ከእንጨት ጀልባ የተለየ ነው፤ ይህን ልዩነት አንድ ልጅ በአሥር ዓመቱ ቢረዳው ለቀሪው ሥራ ሁሉ ይጠቅመዋል። ታንኳ የሚንሳፈፈው የተሠራበት ነገር ራሱ ከውኃ የቀለለ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ቢሸነቆርም፣ ውኃ ቢገባበትም ወዲያው አይሰጥምም፤ ድክመቱ ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ መክበዱ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ከተጠቀመበት በኋላ ወደ ምድር አውጥቶ ያደርቀዋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በሌላ ይተካዋል። ከሳንቃ የተሠራ ባዶ ቀፎ ግን የሚንሳፈፈው አርኪሜድስ ባስረዳው ሕግ፣ ማለትም በገፋው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው፤ አየር የያዘው ባዶ ሆዱ ውኃ ከሞላበት ከነሞተሩና ከነባትሪው ይሰጥማል። የእሽቅድድም ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱን ዘዴዎች አጣምረው ይጠቀማሉ፤ ቀፎው ባዶ ሆኖ ይሠራል፣ በአፍንጫውና በጎንና ጎኑ ግን ውኃ የማይጠጣ ቀላል ስፖንጅ ይሞላበታል፤ ይህም ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ እንደ ታንኳው ውኃ ላይ እንዲቀር ያደርገዋል።

በታንኳ ሠሪነት ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚነሣው ነገደ ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳርቻ ሰዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ በጎንደር በነበረበት ጊዜ ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ቋንቋው ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ። ቀድሞ ጉማሬ በማደን፣ በኋላም ዓሣ በማጥመድ፣ ከደንገል ሙዳይና ቅርጫት በመሥራትና ታንኳ በማበጀት ኖረዋል፤ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲናቁ የኖሩ ቢሆንም፣ የሐይቁ ገዳማትም ሆኑ የዳርቻው ነጋዴዎች ውኃውን ሲሻገሩ የኖሩት በዚሁ የታንኳ ሠሪዎች ዕውቀት ነው። የሙያው ክብር ለባለሙያው ሳይደርስ መቅረቱ በጎንደር ታሪክ ብቸኛው ምሳሌ አይደለም፤ በጎንደር ዘመን በአናጢነት፣ በግንበኝነትና በአንጥረኝነት ነገሥታቱን ያገለገሉት ቤተ እስራኤልም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። ዛሬ አንድ አባት ልጁን እንጨት ሲያስልግ የሚያስተምረው ሙያ በዚህች ከተማ ረጅምና የሚያኮራ ሥር ያለው መሆኑን ልጁ ሊያውቅ ይገባል።

የጣና ደንገል የዓለምን ትኩረት የሳበበት ጊዜም ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሕዝቦች በደንገል ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሥቶ፣ ለጀልባው የሚሆነውን ደንገል ያስጫነው ከጣና ሐይቅ ነበር፤ ደንገሉ ግብፅ ደርሶ በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለ ጀልባ ሆነ፣ ጀልባውም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተፈታትቶ ተጓዦቹ ለቀውት ወጡ። ለጀልባው መሰባበር ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው ለማንኛውም ጀልባ ሠሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ የታጠፈውን የኋላ ጫፍ ከጀልባው ወለል ጋር የሚያያይዝ አንድ ገመድ ይታያል፣ ይህ ገመድ ጌጥ ሳይሆን ጀልባው በማዕበል ሲተጣጠፍ የኋላው ክፍል እንዳይወርድ እንደ ስፕሪንግ ቀና አድርጎ የሚይዝ አካል ነበር፣ በ«ራ» ላይ ግን ጥቅሙ ስላልታወቀ ሳይታሰር ቀረ። በተከታዩ ዓመት ሄየርዳል ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሠሪዎችን ጠርቶ «ራ ሁለት»ን አሠራ፤ እነርሱ ከአባቶቻቸው የተማሩትን አስተሳሰር ተከትለው ትልልቆቹን ነዶዎች በማያቋርጥ ጠምዛዛ ገመድ አጥብቀው አሰሯቸው፣ ይህም ጀልባ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ሁለቱን ጀልባዎች የለያቸው ዋናው ነገር ተክሉ አልነበረም፤ የትኛው ክር የትኛውን ጭነት እንደሚሸከም የሚያውቅ እጅ በአንደኛው ላይ ነበር፣ በሌላው ላይ አልነበረም።

ጣና ላይ አዲስ ዓይነት ጀልባ የመሥራት ፍላጎትም ቢሆን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ የአውሮፓን የእንፋሎት መርከብ ለመምሰል ከደንገል ተሠርተው የእንጨት ወለል የተነጠፈባቸው፣ በእጅ በሚዞር መንኮራኩር የሚሄዱ ትልልቅ ጀልባዎች በሐይቁ ላይ አሠርተው ነበር። ንጉሡ የያዙት ሐሳብ፣ ማለትም የአገርን የጀልባ ሥራ ከባዕድ የአነዳድ ዘዴ ጋር ማጋባት፣ አንድ የጎንደር ቤተሰብ ዛሬ በትንሽ ሞተርና በዋንዛ እንጨት ሊያደርገው ከሚችለው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው።

ጀልባን ከርቀት ማዘዝን በተመለከተ፣ ታሪኩ በቀጥታ ከጀልባ ይጀምራል። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሕዝብ ፊት ያሳየው የመጀመሪያው በሬዲዮ የሚመራ መሣሪያ በውኃ ገንዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ጀልባ ነበር፤ የፈጠራ መብቱም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ተሰጠው። ዛሬ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች አነስተኛና በገበያ የሚገኙ ናቸው፤ ማስተላለፊያና መቀበያ፣ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞረው ሰርቮ የተባለ ትንሽ ሞተር፣ የዋናውን ሞተር ፍጥነት የሚወስነው መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም የሊቲየም ባትሪ ይበቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ሳይጠቀስ አይታለፍም፦ ሬዲዮው ሲቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲቆም የሚያደርገው ቅንብር አስቀድሞ ካልተሞከረ ጀልባው ያለ ጌታ ሲከንፍ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ፈጣን ጀልባን ከዘገምተኛው የሚለየው ሕግ የሚገኘው በቀፎው ቅርጽ ውስጥ ነው። ማንኛውም ጀልባ ውኃውን እየሰነጠቀ ሲሄድ ከፊቱና ከኋላው ማዕበል ያስነሣል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ማዕበሉ እየረዘመ ሄዶ ርዝመቱ ከጀልባው ርዝመት ጋር ሲስተካከል፣ ጀልባው በራሱ ማዕበል መካከል ተቀርቅሮ ከዚያ በላይ ለመፍጠን እጅግ ከፍተኛ ኃይል ይጠይቃል። ይህ ገደብ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ለማወቅ የጀልባውን ርዝመት በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ1.25 ማባዛት በቂ ግምት ይሰጣል፤ በዚህ ስሌት አራት ሜትር የሚረዝም ታንኳ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ይገደባል፣ 64 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ጀልባ ደግሞ በሰዓት ከ3.6 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ይህም ከሰው እርምጃ ያነሰ ነው። የእሽቅድድም ጀልባ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሄደው ውኃውን መሰንጠቁን ትቶ በላዩ ላይ ስለሚንሸራተት ነው፤ ወለሉ ውኃውን ወደ ታች ሲገፋ ውኃው ጀልባውን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ያን ጊዜ ውኃውን የሚነካው የወለሉ የኋላ ሲሶና የፕሮፔለሩ ግማሽ ብቻ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የቀፎው የፊት ክፍል ለመነሣት፣ የኋላው ክፍል ደግሞ ለመንሸራተት ይቀረጻል፤ ከፊት የወፍ ደረት መስሎ የሚጀምረው ወለል ወደ ኋላ ሲሄድ እየረገበ ግራና ቀኙ 20 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ያለ ሰፊ ገጽ ይሆናል።

እንጨቱን መምረጥ የጎንደር ቤተሰብ ከማንም የማያንስበት ክፍል ነው። በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ የሚወደደው ባልሳ የተባለው እጅግ ቀላል እንጨት በአካባቢው ባይገኝም፣ ዋንዛ ቀላል፣ ለመላጊያ የሚታዘዝና ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው፤ ዝግባ ቀጥ ያለ ጭረት ስላለው ለረጅምና ቀጭን ማገር ይመቻል፤ ጥድ መበስበስን ይቋቋማል፣ ነገር ግን ሲመታ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም እየደረቀ ሲሄድ ስለሚጠማዘዝ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፤ ከቤት ዕቃ ሠሪዎች የተረፈ ቁርጥራጭ መለመን ሕጋዊም ርካሽም ነው፤ ለአንድ ጀልባ የሚያስፈልገው እንጨት ከአንድ የተሰበረ ቁም ሣጥን በር ይወጣል። ከዚህ ጋር የጎንደር የአየር ጠባይ መታሰብ አለበት፤ በክረምት የተላገ እንጨት እርጥበት ይዞ ስለሚሰፋና በበጋ ደረቅ አየር ስለሚሰበሰብ፣ እንጨቱን በኅዳርና በታኅሣሥ አድርቆ መሥራት ቀፎው በኋላ እንዳይጣመም ይረዳል።

ሥራው የሚጀምረው በትክክለኛ መጠኑ በተሳለ ንድፍ ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ምሰሶው ቆሞ፣ ማገሩ ተወጥሮ፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳው እንደሚመረግ ሁሉ፣ የጀልባው ቀፎም በመጀመሪያ ከኮምፔርሳቶ በተቆረጡ አምስት ወይም ስድስት ቋሚዎች ይተከላል፤ ቋሚዎቹ በተስተካከለ ሰሌዳ ላይ ተገልብጠው ይሰለፋሉ፣ ከአፍንጫ እስከ ኋላ የዝግባ ማገር ይወጠርባቸዋል፣ በመጨረሻም ወለሉና ጎኑ በቀጭን ኮምፔርሳቶ ይሸፈናል። አፍንጫው ላይ የሚታጠፈው ሉህ በሙቅ ውኃ ረጥቦ ታስሮ እስኪደርቅ ይቆያል። ተራው ነጭ ኮላ ውኃ ሲነካው ስለሚለሰልስ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ማጣበቂያ፣ ለማያያዝም ከውስጥና ከውጭ ለመለበጥም ያገለግላል፣ ሲሠራበትም ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጀልባውን የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው የወለሉ የኋላ ሲሶ ነው፤ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸኩሉትም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ክፍል ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሲጋደም ብርሃን ሊታይ አይገባም። መሐሉ ቢጎደጉድ የወለሉ የኋላ ጠርዝ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ጀልባው ውኃውን እየቆፈረ ይሄዳል፤ ቢያብጥ ደግሞ አፍንጫው እየተነሣና እየወደቀ ሲዘል ይውላል። የኋላው ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ስለት የሚመስል ሹል መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ክብ ጠርዝ ውኃውን ወደ ላይ እየሳበ ስለሚያስቀረው ፍጥነቱን ይበላል። የብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይህን ሹል ጠርዝ ሳይታወቅ ክብ ያደርገዋልና ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ማሸት ያስፈልጋል። ቀፎው ጠማማ መሆን አለመሆኑ ደግሞ በውሃ ልክ ብቻ አይታወቅም፤ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በቋሚዎቹ ላይ ተጋድመው ከኋላ በአንድ ዓይን ሲታዩ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተመሳሰለ ቀፎው ተጠማዟል ማለት ነው፤ ይህን ምርመራ ለልጁ መስጠት ይገባል፣ የልጅ ዓይን ይህን ጉድለት ከአዋቂው ቀድሞ ሊያይ ይችላልና። ሥራውን መካፈሉም በዚህ መንገድ ቢሆን ይሻላል፤ መጋዙንና ትራፓኖውን አዋቂው ይይዛል፣ መለካቱን፣ መመርመሩንና ያልተስተካከለውን መመለሱን ግን ልጁ ይወስናል። አባት የልጁን የተጣመመ ማገር በድብቅ ሌሊት የሚያስተካክለው ከሆነ ልጁ ስለ ጀልባው የሚያውቀው አይኖርም።

ሞተሩ ሲገባ የከፍታው ጉዳይ ይነሣል። በነዳጅ የሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከሚስቡት አየር ጋር ተመጣጥኖ ነው፤ በጣና ዳር አየሩ ከባሕር ዳርቻው 16 በመቶ ያህል ሲሳሳ፣ በሰሜን ጎንደር ደጋ ባለችው በደባርቅ ከፍታ ደግሞ ወደ ሩብ የሚጠጋ ይሳሳል፣ ስለዚህ የነዳጁ ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ ቅነሳ አይነካውም፤ የውኃው ክብደትም በከፍታ ስለማይለወጥ ፕሮፔለሩ እንደ ባሕር ዳርቻው ይሠራል። ለሰሜን ጎንደር ደጋ ሰው ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጀልባ ተመራጭ መሆኑ አከራካሪ አይደለም። ሳሳ ያለው አየር ሞተሩን በደንብ ስለማያበርድ ግን ከሐይቁ ውኃ በቀጭን ቱቦ እየሳበ ሞተሩን የሚዞር ማቀዝቀዣ ሊቀር አይገባም።

ባትሪው ከሁሉ የከበደ ዕቃ በመሆኑ ክብደቱን ለማመጣጠን ያገለግላል። ጀልባው በሁለት ጣት ሲነሣ ሚዛኑ ከኋላው ጠርዝ ተነሥቶ የርዝመቱ ሲሶ አካባቢ ላይ መሆን አለበት፤ ሚዛኑ ወደ ፊት ካለፈ ጀልባው አይነሣም፣ ወደ ኋላ ካለፈ በነፋስ ተገልብጦ ይወድቃል። ፕሮፔለሩ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ቀፎው በተቃራኒው ሊያጋድል ስለሚሞክር ባትሪውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንዱ ጎን ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የሚነግረው ግን ውኃው ብቻ ነው፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ያንን በደብተር መጻፍ ከዚህ ይጀምራል። የሊቲየም ባትሪን ሰው ሳይጠብቀው መሙላት ወይም በፀሐይ መተው እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ይህ ክፍል ለልጅ ብቻውን አይተውም።

ጀልባው የሚሞከርበት ስፍራ ምርጫ ይጠይቃል። የፋሲለደስ መዋኛ በጥምቀት ሰሞን ሲሞላ ሰፊና ለጥ ያለ ቢመስልም፣ በዩኔስኮ ከተመዘገበው ቅርስ አንዱ ክፍልና የተቀደሰ የበዓል ስፍራ በመሆኑ ለዚህ አይነካም፤ የአንገረብ ግድብም የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ጎርጎራ ነው፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማለዳ መሄድ ይመረጣል። በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው አረም ግን ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያቃጥላል፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳ ሠሪውን ደንገል ያጠፋል። የእርሻው ወደ ዳርቻው መግፋትም ደንገሉን እየቀነሰው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቋሚ ከመቁረጣቸው በፊት ወላጅና ልጅ ወደ ጎርጎራ ወርደው ከአንድ ታንኳ ሠሪ ዘንድ ለዋለበት ቀን ተገቢውን ዋጋ ከፍለው ነዶው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አፍንጫው በየትኛው ገመድ እንደሚያዝ በእጃቸው ቢማሩ፣ ወለሉን ሲያስተካክሉ የሚፈልጉትን ከማንኛውም ንድፍ አስቀድመው ያገኙታል።